«አጥፋ»፣ «አጽዳ»፣ «መልስ»፦ የባዮስን ቅንብር ለመመለስ በሚሠራባቸው የአማርኛ ግሶች ላይ የቀረበ ሒስ

መነሻ

ስለ ሙያ ቃላት ስያሜ በሚደረግ ውይይት ዘወትር ፊተኛውን ስፍራ የሚይዙት ስሞች ናቸው። ይህ መሣሪያ በአማርኛ ምን ይባል፣ ያኛው ክፍል ስያሜው ከግእዝ ይውጣ ወይስ ከባዕድ ቋንቋ ይወሰድ እየተባለ ይመረመራል፤ ይከራከሩበታል። ግሶች ግን የዚያን ያህል አይመረመሩም። እንደሚታወቀው መመሪያ የሚያነብ ሰው የሚታዘዘው ለግሱ ነው። ስሙ ባይገባው ሥዕሉን አይቶ ወይም ባለሙያ ጠይቆ ሊደርስበት ይችላል፤ ግሱን በተሳሳተ ፍች ከተረዳ ግን እጁ የተሳሳተ ሥራ ይሠራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሐሳብ በአንድ ጠባብ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ምሳሌያችን የጠረጴዛ ኮምፒዩተርን የባዮስ ቅንብር ፋብሪካው ወዳወጣው ሁኔታ የመመለስ ሥራ ነው። ሥራው አጭር ነው፤ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ተጽፎ ያልቃል። ነገር ግን ግማሹ የሚከናወነው በስክሪን ላይ፣ ግማሹም ሣጥኑ ተከፍቶ በእጅ ስለሆነ፣ በስልክና በኮምፒዩተር የአማርኛ ገጾች ላይ የተለመዱት ግሶች የትኛው ድረስ እንደሚያገለግሉ፣ ከየት ጀምሮም እንደሚያሳስቱ ለመለየት ይረዳል።

1. ስለ ነገሩ

ቃሉን ከመመርመራችን በፊት ነገሩን መለየት ይገባል። ባዮስ ኮምፒዩተሩ ሲበራ፣ ሥርዓተ ክወናው ገና ሳይነሣ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ማኅደረ ትውስታውን፣ የቁልፍ ሰሌዳውንና ዲስኩን ይፈትሻል፤ ከዚያም ሥራውን ለሥርዓተ ክወናው ያስረክባል። ስያሜውን ያወጣው ጋሪ ኪልዳል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሲሆን፣ ያወጣውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲፒኤም ለተባለው ሥርዓተ ክወናው ነበር። የምሕጻሩ ፍች «መሠረታዊ የግብአትና የውጽአት ሥርዓት» ማለት ነው። በድምፅ «ሕይወት» የሚል ፍች ካለው የግሪክኛ ቃል ጋር ቢገጥምም በፍች አይገናኝም።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው የግል ኮምፒዩተር ላይ መሣሪያው ምን ምን ክፍል እንዳለው የሚነገረው በማዘርቦርዱ ላይ የተደረደሩትን ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች በማንቀሳቀስ ነበር። እነዚህ በዐይን የሚታዩ ስለሆኑ የተቀመጠውን ቅንብር ለማወቅ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤቲ የተባለው ሞዴል ሲወጣ ግን ቅንብሩ በባትሪ ኃይል በሚጠበቅ አነስተኛ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተቀመጠ። ይኸው ክፍል ሰዓትም ይቆጥር ነበር፤ ከ64 ባይት ስፋቱ 14ቱ ለሰዓቱ ሲያገለግሉ 50ዎቹ ለቅንብር ተረፉ። «ሲሞስ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ነው፤ ስያሜው ግን የሚያመለክተው ክፍሉ የተሠራበትን የኤሌክትሮኒክስ ስልት እንጂ የሚሰጠውን አገልግሎት አይደለም።

ከዚህ የምንይዘው ዋና ነጥብ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በሦስት የተለያዩ ስፍራዎች መቀመጣቸው ነው። አንደኛው የባዮስ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ወይም ባለሙያው የመረጠው ቅንብር ነው። ሦስተኛው በዲስክ ላይ የሰፈረው የባለቤቱ ሰነድ ነው። ቅንብሩን መመለስ ሁለተኛውን ብቻ ይነካል፤ ፕሮግራሙም ሰነዱም ባሉበት ይቆያሉ። አንድ የአማርኛ መመሪያ ደኅና ተጽፏል የሚባለው ይህን ልዩነት አንባቢው ሳይጠራጠር እንዲይዘው ካደረገ ነው።

2. ስሙን ስለ መዋስ

«ባዮስ» የሚለውን ስም በአማርኛ ለመተካት መድከም ተገቢ መስሎ አይታየንም። የምሕጻሩን ዝርዝር ተርጉሞ ረጅም ሐረግ ማቆም ይቻላል፤ ነገር ግን በጥገና ቤት ማንም አይጠራውም። ደግሞም ነገሩ ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኢኤፍአይ የተባለውን አዲስ ደንብ የሚያስተዳድር የአምራቾች ማኅበር ተቋቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የሚነሡት በዚህ አዲስ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ባለሙያውም ተጠቃሚውም ዛሬም «ባዮስ» ይላል።

ይህ ለአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ስልክ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ፍቹ «ሽቦ» ማለት ነው። ዛሬ ሽቦ የሌለውን መሣሪያ «ስልክ» ስንል የሚሳሳት ሰው የለም። ስም ከነገሩ ጋር አንድ ጊዜ ከተቆራኘ በኋላ የመነሻ ፍቹ ቢጠፋም አገልግሎቱን አያቋርጥም። ስለሆነም «ባዮስ»፣ «ማዘርቦርድ»፣ «ጃምፐር» የሚሉትን እንደ ተለመዱት ብንወስዳቸው ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ያለው በግሱ ላይ ነው።

3. «ሪሴት ማድረግ» ስለሚለው

እንግዲህ ስሙን ከተዋስን ግሱንም ለምን አንዋስም የሚል ጥያቄ ይነሣል። በጥገና ቤቶች «ሪሴት አድርገው» ማለት የተለመደ ነው። የባዕድ ቃል ከ«አደረገ» ጋር ተጣምሮ «ሪሴት ተደረገ»፣ «ሪሴት አስደረገ» እየተባለ ሊረባም ስለሚችል በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም።

እንከኑ በፍቹ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ቢያንስ ሁለት ሥራዎችን ያጠቃልላል። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ፊት ለፊት ይኸው ቃል የተጻፈበት ትንሽ ቁልፍ አለ፤ ይህ ቁልፍ ኮምፒዩተሩን ዳግም ከማስነሣት በቀር የሚመልሰው ቅንብር የለም። በባዮስ ማውጫ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ደግሞ ቅንብሩን ይመልሳል እንጂ ዋና ሥራው ማስነሣት አይደለም። ስለዚህ «ሪሴት አድርግ» የተባለ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ትእዛዙን የፈጸመ ቢመስለው አይፈረድበትም። ባለሙያው ልዩነቱን ከልምድ ያውቀዋል፤ መመሪያ የሚጻፈው ግን ልምድ ለሌለው ነው።

በአማርኛ ገጾች ላይ ለዚህ ቃል የተለመደው ምትክ «ዳግም ማስጀመር» ነው። «ጀመረ» ሂደትን የሚመለከት ግስ ነው፤ ሥራ ይጀመራል፣ ትምህርት ይጀመራል፣ ዝናም ይጀምራል። ቅንብር ግን ሂደት ሳይሆን ሁኔታ ስለሆነ አይጀመርም። «ቅንብሩን ዳግም አስጀምር» የሚለውን ያነበበ ሰው ፍቹን ማግኘት የሚችለው ወደ እንግሊዝኛው መልሶ ከተረጎመው ብቻ ነው። ትርጉም በመነሻው ቋንቋ ካልተደገፈ የማይቆም ከሆነ ተግባሩን ፈጽሟል ማለት ያስቸግራል።

4. «አጥፋ» ስለሚለው

«አጠፋ» በአማርኛ ሰፊ ግስ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ገንዘብ ይጠፋል፤ ሰው ያጠፋል። በዕለታዊ ንግግር ዐውዱ ስለሚለየው ችግር አይፈጥርም። በያዝነው ሥራ ውስጥ ግን ሁለቱ ፍቾች ጎን ለጎን ይመጣሉ። «ኮምፒዩተሩን አጥፋ፤ ቀጥሎ ትውስታውን አጥፋ» የሚል መመሪያ ስለ ኤሌክትሪክም ስለ ጽሑፍም በአንድ ግስ ይናገራል። «ትውስታ» ሲባል በዲስክ ላይ ያለው ሰነዱ የሚመስለው ባለቤትም ፈርቶ ሥራውን ሊተወው ይችላል።

ከዚህም የሚብስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በተለመደው ኤቲኤክስ በተባለው የኃይል ማቅረቢያ ሥርዓት፣ ኮምፒዩተሩ «ጠፍቶ» ሳለ ገመዱ ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ 5 ቮልት የሆነ የተጠባባቂ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ ይደርሳል። የቅንብሩ ማኅደረ ትውስታም ከዚሁ ኃይል ሊመገብ ይችላል። ስለዚህ «ኮምፒዩተሩን አጥፋ፤ ባትሪውን አውጣ» የሚለውን በትክክል የፈጸመ ሰው፣ ገመዱን ካልነቀለ፣ ባትሪውን አውጥቶም ቅንብሩ እንዳለ ሊያገኘው ይችላል። ክፍሎቹ ኤሌክትሪክ ሳይለያቸው መነካካታቸውም ሌላ አደጋ ነው። አማርኛ ለዚህ «መንቀል» የሚል የማያሻማ ግስ አለው። «መዝጋት» ለሥርዓተ ክወናው፣ «መንቀል» ለገመዱ ቢሰጥ «አጥፋ» የሚለው ግስ ከዚህ ሥራ ጨርሶ ሊወጣ ይችላል።

5. «አጽዳ» ስለሚለው

በስልክ ገጾች ላይ የተከማቸን መረጃ ለማስወገድ «አጽዳ» የሚለው ግስ ተለምዷል። በስክሪን ላይ እምብዛም አያሳስትም፤ ስክሪኑን በጨርቅ ለመወልወል የሚነሣ የለም። የኮምፒዩተሩ ሣጥን ተከፍቶ፣ ዓመት ሙሉ የተከማቸ አቧራ እየታየ፣ «ሲሞሱን አጽዳ» የሚል ትእዛዝ ሲነበብ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንባቢው ጨርቅ ወይም ብሩሽ ቢያነሣ የግሱን የመጀመሪያ ፍች ተከትሏል እንጂ አልተሳሳተም።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ግስ ከጽሕፈት ባህላችን ማግኘት ይቻላል። በውልና በፍርድ ቤት ሰነዶች ላይ «ሥርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚለው አነጋገር የታወቀ ነው። «ሠረዘ» በጽሑፉ ላይ መስመር ማስመር ነው፤ ጽሑፉ ከሥር ይታያል። «ደለዘ» የተጻፈውን አጥፍቶ በላዩ ሌላ መጻፍ ሲሆን የማጭበርበር ጥርጣሬ ይከተለዋል። ሦስተኛው «ፋቀ» ነው። ጸሐፊ በብራና ላይ ስሕተት ሲያገኝ ፊደሉን ይፍቀዋል፤ ፊደሉ ይለቃል፣ ብራናው ይቀራል፣ በላዩም ዳግም ይጻፍበታል።

የምንነጋገርበትም ተግባር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ጃምፐሩ በታዘዘው መሠረት ሲዛወር ወይም ባትሪው ሲወጣ በማኅደረ ትውስታው ላይ የነበረው ቅንብር ይለቃል፤ ማኅደረ ትውስታው ግን ይቀራል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ባዮስ የተቀመጠው ቅንብር ትክክለኛ አለመሆኑን ከድምር መቈጣጠሪያው ይረዳና ፋብሪካው ያዘጋጀለትን ቅንብር ይጽፍበታል። ስለዚህ «የቅንብር ትውስታን መፋቅ» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን። «መፋቅ» ለጥርስም ለቆዳም የሚነገር መሆኑን አንዘነጋም፤ ነገር ግን «ትውስታ» ከሚለው ተሳቢ ጋር ሲገባ ወደ ጥርስ የሚወስድ የለም።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ቅንብሩ በአመዛኙ ያለ ባትሪም በማይጠፋ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ባትሪውን ማውጣት ብቻ ሁልጊዜ አይፍቀውም። የባዮስ የይለፍ ቃልም እንዲሁ ሊቀር ይችላል። ተርጓሚው «ባትሪው ሲወጣ ሁሉም ይጠፋል» የሚል አጠቃላይ ቃል በራሱ ሥልጣን መጨመር የለበትም።

6. «ነባሪ» ስለሚለው

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ይህ ቃል ይመስለናል። አምራቹ አስቀድሞ የሰጠውን ምርጫ ለማመልከት «ነባሪ» የሚለው ቃል በአማርኛ ገጾች ላይ ሥር ይዟል። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ስለሆነ አወጣጡ ምክንያት አለው፤ ማንም ካልለወጠው የሚቀመጥ፣ የሚኖር እንደማለት ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን «ነበረ»ን የሚሰማው በኃላፊ ጊዜ ነው። «ነባር ሠራተኛ»፣ «ነባር ተማሪ» ሲባል አዲስ ከመጣው በፊት የነበረ ማለት ነው። እንግዲህ «ወደ ነባሪው ቅንብር መልስ» የሚለውን ያነበበ ሰው «ቀድሞ ወደ ነበረው፣ ሳልነካካው በፊት ወደነበረኝ» ብሎ ቢረዳው ቋንቋው ይደግፈዋል። የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው ቅንብር ይወገድና ኮምፒዩተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ይተካል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሥርዓተ ክወናው ሲጫን ዲስኩ የሚነበብበት ስልት አንድ ዓይነት ሆኖ፣ የፋብሪካው ቅንብር ሌላ ዓይነት ቢሆን፣ ከተመለሰ በኋላ ሥርዓተ ክወናው አልነሣም ሊል ይችላል። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ዘዴ የተቈለፈ ከሆነም ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቍጥር ሊጠየቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰነዱ በስፍራው አለ፤ የሚያስፈልገው የዲስኩን ስልት ወደ ነበረበት ማስተካከል ወይም ቍጥሩን መስጠት ነው። ነገር ግን «ወደ ነበረው መለስሁት» ብሎ የሚያምን ባለቤት የቅንብር ለውጥ መደረጉን ስለማይጠረጥር ዲስኩ እንደተበላሸ ይደመድማል። ከዚያ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ምክር ይመጣል። ሰነዱም የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው፤ መነሻው ግን አንድ ቅጽል ነው።

«መለሰ» የሚለውን ግስ የምንደግፈው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድን ነገር መለሰ ሲባል «ወደ የት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ተርጓሚው መድረሻውን እንዲናገር ግሱ ራሱ ያስገድደዋል። «ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ» ሲባል መድረሻው የአምራቹ እንጂ የባለቤቱ አለመሆኑ ግልጽ ነው። «ቅንብር» የሚለው ስምም ሊመሰገን ይገባዋል። በሙዚቃ እንደምንለው የተለያዩ ክፍሎች አብረው እንዲሠሩ መደረጋቸውን ስለሚገልጽ ለነገሩ ተስማሚ ነው።

7. ስለ ሰዓትና ስለ ዘመን

ቅንብሩ ሲፋቅ የሰዓቱና የቀኑ መቍጠሪያ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ መመሪያዎች ሁሉ «ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክል» በሚል ይደመደማሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም። የባዮስ ሰዓት የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ 02:30 ብሎ የሚያስገባ ሰው ሰዓቱን በ6 ሰዓት ያዛንፈዋል፤ ማስገባት የሚገባው 08:30 ነው።

የዘመኑ ስሕተት ከዚህ ይከፋል። ለምሳሌ በጥር 2017 ዓ.ም. ኮምፒዩተሩ የሚጠብቀው ዓመት 2025 ነበር። «2017» ተብሎ ቢገባለት የሚቀበለው ቍጥር ስለሆነ አይቃወምም፤ ወሩንም ቢሆን ከጳጉሜን በስተቀር አይጠራጠርም፤ የወር ቍጥር 13 ብቻ አይገባለትም። 8 ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒዩተር ግን የኢንተርኔት ገጾች የሚያቀርቡትን የእውነተኛነት ማረጋገጫ «ጊዜው ገና አልደረሰም» ብሎ ይጥለዋል፤ ባለቤቱም መስመሩ የተበላሸ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ተርጓሚው በዋናው ጽሑፍ ውስጥ የሌለ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ግዴታው ነው እንላለን። ታማኝነት የሚገባው ለቃላቱ ቍጥር ሳይሆን ለሚሠራው ሥራ ነው።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከተውን በሥራ ለማሳየት፣ በተለመዱት ቃላት እኛው ያዘጋጀነውን አንድ ናሙና እንመልከት፦ «ባዮስን ዳግም ለማስጀመር ኮምፒዩተሩን አጥፋ። ባትሪውን አውጣ። ሲሞሱን አጽዳ። ወደ ነባሪው ይመለሳል።» በዚህ ውስጥ የፊደል ስሕተት የለም፤ የሰዋስው ጉድለትም የለም። ሆኖም በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንባቢው ሁለት መንገድ አለው።

በእኛ አስተያየት የሚከተለው ይሻላል፦ «የባዮስን ቅንብር ወደ ፋብሪካው ለመመለስ፣ አስቀድማችሁ አሁን ያለውን ቅንብር በወረቀት መዝግቡ ወይም በፎቶግራፍ ያዙ። ወደ ባዮስ ማውጫ መግባት ከቻላችሁ የፋብሪካውን ቅንብር የሚመልሰውን ትእዛዝ ምረጡና አስቀምጣችሁ ውጡ። መግባት ካልቻላችሁ ኮምፒዩተሩን ዝጉ፤ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅም ማብሪያውን ለጥቂት ሰኮንድ ተጫኑ። ሣጥኑን ክፈቱና የማዘርቦርዱ አምራች ባመለከተው ስፍራና መንገድ የቅንብሩን ትውስታ ፋቁ። በዲስክ ላይ ያለው ሰነዳችሁ በዚህ አይፋቅም። ኮምፒዩተሩን ስታበሩ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት ቈጥራችሁ አስገቡ።» ረዝሟል፤ የረዘመው ግን የሚያሻማው ስለወጣለት ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የላቲን ጽሑፍም አንባቢው እንዲያመሳክረው እንዳለ ከጎኑ ቢሰፍር መልካም ነው።

ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ዳግም ማስነሣት፦ ኮምፒዩተሩ ሥራውን አቋርጦ እንደገና እንዲነሣ ማድረግ፤ ቅንብር አይለወጥም።

ለ/ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ፦ አምራቹ ያዘጋጀውን ቅንብር ከማውጫ በትእዛዝ መተካት።

ሐ/ የቅንብር ትውስታን መፋቅ፦ በጃምፐር ወይም በባትሪ አማካይነት የተቀመጠውን ቅንብር ማስለቀቅ።

መ/ ባዮስን ማደስ፦ ፕሮግራሙን ራሱን በአዲስ መተካት፤ በመካከሉ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል ከለ እና ከሐ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ሠ/ ፎርማት ማድረግ፦ ዲስክን እንደ አዲስ ማሰናዳት፤ ሰነድን የሚያጠፋው ይህ ነው። ቃሉ በሕዝብ ዘንድ በዚሁ ፍች ስለታወቀ እንዳለ ቢቀር እንመርጣለን።

ይህን ዝርዝር አሁን መወሰን የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። የቀድሞው ባዮስ ስክሪን ከ256 የማይበልጡ ምልክቶች ብቻ ያሳይ ስለነበር ለግእዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። ዩኢኤፍአይ ግን ጽሑፉን የሚይዘው በዩኒኮድ ነው፤ የግእዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። ስለዚህ የፊደሉን ቅርጽ የሚያቀርብ አምራች ቢገኝ የባዮስ ማውጫ ራሱ በአማርኛ እንዳይቀርብ የሚከለክለው ነገር የለም። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሚቀርበው ቦታ ከአንድ እስከ ሦስት ቃል ብቻ ይሆናል፤ ማብራሪያ የሚጨመርበት ኅዳግ አይኖርም። ግሱ ያን ጊዜ ብቻውን መቆም ስላለበት፣ ከወዲሁ ተመርምሮ ቢመረጥ የተሻለ ነው እንላለን።